«የራሱ ነው?»፦ የባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነባር አካላት ስያሜ ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ታሪክ አንጻር

1. የጽሑፉ መነሻ

የጦር መሣሪያን የሚመለከቱ የአማርኛ ቃላት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ልዩ ችግር ይፈጥራሉ። የችግሩ ምንጭ የቃላት ማነስ አይደለም። በፉከራው፣ በቀረርቶው፣ በዜና መዋዕሉና በዕለት ንግግሩ የመሣሪያ ስም ሞልቷል። ነገር ግን እነዚህ ስሞች በአብዛኛው የሙሉ መሣሪያ መጠሪያዎች ናቸው። መሣሪያው የተገጣጠመባቸው ብልቶች ከአፈሙዝ፣ ከሰደፍ፣ ከቃታና ከምላጭ አልፈው በጽሑፍ እምብዛም አይጠሩም፤ የሚጠሩትም ቢሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚወጣው ተርጓሚው ስለ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ ሲመልስ ነው። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ዋናው ጥያቄ ጠመንጃው ዛሬ ካሉት ብልቶች ውስጥ ከፋብሪካ አብረውት የወጡት የትኞቹ ናቸው፣ በኋላ የተተኩትስ የትኞቹ ናቸው የሚል ነው። ለመመለስ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የብልቱ ትክክለኛ ስም ነው። ሁለተኛው የብልቱን ከጠመንጃው ጋር ያለውን ዝምድና የሚገልጽ ቅጽል ነው። አማርኛችን በሁለቱም በኩል ያለውን ሀብት ገና በወጉ አልደለደለም።

ለምርመራችን አሶሳንና የቤኒሻንጉልን ምድር የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይህ አካባቢ ለጠመንጃም ለቃልም የሁለት መንገዶች መገናኛ ሆኖ ቆይቷል። ከምዕራብ በሱዳን በኩል የቱርክና የዐረብ ቃል መጣ፤ ከምሥራቅ ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የቤልጅግ ስሞች ገቡ። ዛሬ አማርኛ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልጆች ማመልከቻም ሆነ መዝገብ የሚጽፉበት ቋንቋ በመሆኑ ስያሜው ሲዛባ ጉዳቱ በቋንቋ ሰዎች ክርክር ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

2. ሁለቱ የመሣሪያና የቃል መንገዶች

ለእሳት መሣሪያ ከጥንታዊዎቹ መጠሪያዎች አንዱ «ነፍጥ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ከምድር የሚወጣ ተቀጣጣይ ዘይት ነው። በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ቃሉ ከዘይቱ ወደ ባሩድ፣ ከባሩዱም ባሩድ ወደሚተፋው መሣሪያ ተሻገረ። ወደ እኛ የደረሰው ይህን ጉዞ ከጨረሰ በኋላ በመሆኑ በአማርኛ የዘይት ትርጉም የለውም። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል የተሠራው ከዚሁ ነው፤ በኋላ ያገኘው የፖለቲካ ትርጉም ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

«ጠመንጃ» ወይም «ጠብመንጃ» የሚለውን ቃል ምሁራን በቱርክና በዐረብ አፍ ሽጉጥን ከሚያመለክተው «ጠበንጃ» ጋር ያያይዙታል። የአማርኛ ጸሐፊ ግን ቃሉን ባዕድ አድርጎ አልተወውም። «ጠብ» እና «መንጃ» ብሎ ከፍሎ ጠብን የሚነዳ መሣሪያ አስመሰለው፤ በጽሕፈቱ መሐል የገባችው «ብ» እና «መ» የዚህ የሕዝብ ሥርወ ቃል ትርጓሜ አሻራ ይመስሉናል። ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ የትርጉም ሽግግር ነው። በምንጩ ትንሹን የእጅ መሣሪያ የሚጠራው ስም በአማርኛ ለረጅሙ ተሰጠ። ለትንሹ ደግሞ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ «ሽጉጥ» የሚል ቃል ከራሱ ከቋንቋው ወጣለት።

በምዕራቡ መንገድ የመሣሪያ ፍሰት የተጠናከረው የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኢል ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊና ከዚያም በላይ ባደረገው ዘመቻ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ የዚህን ወርቅ አምራች ምድር ሁኔታ ጽፎ አስቀርቷል። ከስድሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኹቨር በዚሁ አካባቢ ተዘዋውሯል። የግብፅ ሠራዊት በዚያ ዘመን ይዞት የነበረው ጠመንጃ በአብዛኛው ሬሚንግተን ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1883 በሸይካን ጦርነት የሂክስ ፓሻ ሠራዊት ሲደመሰስ መሣሪያው በማህዲስቶች እጅ ገባ። በሱዳን ድንበር አጠገብ ለነበሩ ገዥዎች መሣሪያ የሚደርሰው በንግድ ብቻ ሳይሆን በምርኮም ነበር ለማለት ይቻላል።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ግን በመሠረቱ የሠራዊት መሣሪያ አይደለም። የአዳኝ፣ የነጋዴና የመኳንንት መሣሪያ ነው። በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው ምስክር ሳሙኤል ቤከር ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 ከአትባራና ከሰቲት ተነሥቶ እስከ ራሃድ፣ ዲንደርና ዓባይ ድረስ ሲያድን በፍሌቸርና በሬይሊ የተሠሩ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ይዞ ነበር። ከእነዚህ ሌላ የግማሽ ፓውንድ ጥይት የሚተኩስ አንድ ከባድ ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ነበረው፤ ዐረቦቹ ይህን «የመድፍ ልጅ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠሩት። መሣሪያውን የሠራው ሰው ስም በስፍራው ሰዎች ዘንድ ቦታ አላገኘም፤ የመሣሪያው ጠባይ ግን ስም ሆነ። ይህ የአሰያየም ልማድ በአማርኛም አለ። ስለዚህም ከአገሬው ስም ተነሥቶ የፋብሪካን ማንነት መወሰን አስተማማኝ አይደለም።

በምሥራቁ መንገድ የመጣው የአሰያየም ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጠመንጃዎች የባዕድ ስማቸውን እንደያዙ በአማርኛ ድምፅ ተለውጠው ገቡ። የግራ ጠመንጃ የፈረንሳይኛ ስሙ «ፊዚል ግራ» ሲሆን «ውጅግራ» ሆነ። ማንሊከር «ምንሽር»፣ አልቢኒ «አልቢን»፣ ስናይደር «ስናድር» ተባለ። «መትረየስ» ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» መጣ። እነዚህ ስሞች ከማዕከሉ ጦር ጋር ወደ ቤኒሻንጉል የደረሱት በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን በመሩት ዘመቻ ነው። በዚያን ጊዜ ምድሪቱ የቤኒሻንጉሉ ዐብዱረህማን ሆጀሌ፣ የኮሞሻው መሐመድ ወድ ማሕሙድና የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የሚባሉ ሦስት ዋና ገዥዎች ነበሯት። ከመካከላቸው ኋላ ኃይሉን ያጠናከሩት ሼህ ሆጀሌ ለማዕከሉ መንግሥት ወርቅ እየገበሩ ለረጅም ዓመታት ገዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ድንበሩን ሲያሰምር ሁለቱ የቃል መንገዶች በአንድ አስተዳደር ሥር ተገናኙ።

እዚህ ላይ ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ማስጠንቀቂያ የሚሆን አንድ ነገር እናንሣ። በጎረቤት ሱዳን ዐረብኛ ጠመንጃ «ቡንዱቂያ» ይባላል። የቬኒስ ከተማ የዐረብኛ ስምም «አል ቡንዱቂያ» ነው። ይህን ያየ ሰው መሣሪያው ከቬኒስ በመምጣቱ ስሟን ወሰደ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የቃሉ ጉዞ ግን ሌላ ነው። «ቡንዱቅ» መጀመሪያ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ የሚመጣ የለውዝ ዓይነት ፍሬ ስም ነበር። ከፍሬው ወደምትወረወር ድቡልቡል ጠጠር፣ ከጠጠሯ ወደ ጥይት፣ ከጥይት ወደ ተኳሹ መሣሪያ ተሸጋገረ። የድምፅ መመሳሰል ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

3. «ቤልጅግ» የሚለው ቃል ያለበት ወጥመድ

ከላይ ያስጠነቀቅነው ስሕተት በራሳችን ቋንቋም ሊፈጸም ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1941 አሶሳን ከኢጣሊያ እጅ ያስለቀቀው ጦር ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው የቅኝ ግዛት ሠራዊት ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በአሶሳ «ቤልጅግ» የሚል የጠመንጃ ስም ቢሰማ ቃሉን ከዚያ ሠራዊት ጋር ለማያያዝ ይፈተናል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በቤልጅግ የተሠራ የሞዘር ዓይነት ጠመንጃ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ትገዛ ነበር፤ የቤልጅግ መኰንኖችም የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛ ያሠለጥኑ ነበር። ስሙ በመላ አገሪቱ የተሰራጨው በዚያ ምክንያት ነው። የአሶሳው ድል ለቃሉ መነሻ ሊሆን አይችልም።

ለተርጓሚ የሚከብደው ሌላው ገጽታ ነው። «ቤልጅግ» በአማርኛ የአገር ስም ሆኖ ገብቶ የአንድ ዓይነት ጠመንጃ ስም ሆኗል፤ የሚያመለክተውም ባለ አንድ አፈሙዙን የሠራዊት ጠመንጃ ነው። በአንጻሩ በዓለም ከተበተኑት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃዎች ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የተሠሩት እዚያው ቤልጅግ በሊዬዥ ከተማ ነው። ተርጓሚው «በሊዬዥ የተሠራ የአደን ጠመንጃ» የሚለውን «ቤልጅግ» ብሎ ቢያሳጥር አንባቢው ፈጽሞ ሌላ መሣሪያ ያስባል። የመሣሪያ ስምና የሥሪት አገር መግለጫ ተለያይተው መጻፍ አለባቸው፤ የመጀመሪያው «ቤልጅግ»፣ ሁለተኛው «የቤልጅግ ሥሪት» ቢባል ይለያሉ።

4. «ጥንታዊ»፣ «እውነተኛ» እና «የራሱ»

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንለፍ። ከፋብሪካ አብሮ የወጣን ብልት ለመግለጽ በትርጉም ጽሑፎች «ጥንታዊ»፣ «የመጀመሪያ»፣ «እውነተኛ» እና «ኦሪጅናል» የሚሉ ቃላት እየተፈራረቁ ይገባሉ። አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

«ጥንታዊ» ዕድሜን ይናገራል፤ ዝምድናን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1880 ዓመታት ከተሠራ ጠመንጃ የተነቀለ ሰደፍ በዚያው ዘመን በተሠራ ሌላ ጠመንጃ ላይ ቢገጠም ሰደፉ ጥንታዊ ነው፤ ለአዲሱ ባለቤቱ ግን እንግዳ ነው። «እውነተኛ» የሚለው ደግሞ ተቃራኒው «ሐሰተኛ» ስለሆነ ፍርድ አዝሏል። በተሰበረው መዶሻ ምትክ ሌላ የሠራ አንጥረኛ ማንንም አላታለለም። «የመጀመሪያ» ቅደም ተከተልን ስለሚናገር በከፊል ይረዳል፤ ነገር ግን «የመጀመሪያው ሰደፍ» ሲባል ከብዙ ሰደፎች አንደኛው ማለት ሊመስል ይችላል። «ኦሪጅናል» በከተማ ንግግር የጥራት ማሞገሻ ሆኗል።

የዕለት ንግግራችን ግን ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ቃል አለው። አንድ ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲሄድ «ሞተሩ የራሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች «የራሱ» የምትለው ቃል ዕድሜንም፣ ጥራትንም፣ ሐቀኝነትንም ትታ የብልቱን ከአካሉ ጋር ያለውን ዝምድና ብቻ ትጠይቃለች። የተፈለገውም ይኸው ነው። ቃሉ በሰዋስው ረገድ አገናዛቢ በመሆኑ ብቻ ለመዝገበ ቃላት ርእስነት አይመችም። ስለዚህ በንግግርና በልዝብ ጽሑፍ «የራሱ»፣ በሙያ ጽሑፍ ደግሞ «ነባር አካል» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ነባር» በቦታው የነበረና የጸና ማለት ስለሆነ ይስማማል፤ ተቃራኒውም «ምትክ አካል» ይሆናል።

ምትክ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል። ራሱ ሠሪው ወይም ፋብሪካው ኋላ የሠራው «የሠሪ ምትክ» ነው። ከሌላ ጠመንጃ ተነቅሎ የመጣው «ተዛዋሪ ምትክ» ነው። በአገር አንጥረኛ ወይም አናጢ የተሠራው «የአገር ምትክ» ነው። ይህ አከፋፈል ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ጥቅም አለው። የአገር ምትክ ጠመንጃው በማን እጅ፣ በምን ችግር ውስጥ እንዳለፈ ስለሚናገር ዋጋው ለብረቱ ገዢ ቢቀንስም ለታሪክ መርማሪ ይጨምራል። ከወደብና ከፋብሪካ ርቆ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ መሣሪያውን በሕይወት ያቆየው አንጥረኛው ነውና «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል እርሱን መበደል ይሆናል።

5. ነባሩን ከምትኩ መለያ መንገድ

ተርጓሚ የማያውቀውን ሥራ በትክክል አይተረጉምም። ስለዚህ መርማሪው ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ እንመልከት።

በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ከዚያም በሦስት ይከፈላል። ከበርሜሎቹ ሥር ያለው የፊት እንጨት ይወልቃል፤ በርሜሎቹ ከማጠፊያው ይላቀቃሉ፤ የቀረው መሐል ብረቱ ከነሰደፉ ነው። መሐል ብረት የምንለው መቆለፊያውንና የመተኮሻውን ሥራ ያቀፈው የመካከለኛው ክፍል ነው። በጥሩ ሠሪ የተሠራ ጠመንጃ በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ላይ አንድ ቁጥር ይኖረዋል፤ በመሐል ብረቱ፣ ከበርሜሎቹ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ገጽና በፊት እንጨቱ ብረት ላይ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተስማሙ ክፍሎቹ አብረው የተወለዱ ናቸው። አንዱ ከተለየ ያ ክፍል ምትክ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ የሊዬዥ ትንንሽ ወርክሾፖች ለመገጣጠሚያ ብቻ የሚያገለግል አጭር ቁጥር ይመቱ ስለነበር መገጣጠሚያ ቁጥርን ከመለያ ቁጥር መለየት ይገባል።

ቀጥሎ የሚነበበው የፍተሻ ማኅተም ነው። በአውሮፓ አገሮች ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በከባድ ባሩድ ተተኩሶ ይፈተናል፤ ያለፈው ይታተምበታል። በሊዬዥ ይህ ግዴታ የሆነው በናፖሊዮን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። የከተማይቱ ማኅተም በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ሲሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ በላያቸው ዘውድ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ ደግሞ የዓመት ምልክት ፊደል ይመታል። የበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። የብሪታንያ በርሜሎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህም አፈሙዙ ወደ ጫፉ የጠበበ መሆኑን ያመለክታል። መሐል ብረቱ አንድ ዘመን፣ በርሜሎቹ ሌላ ዘመን የሚናገሩ ከሆነ ሁለቱ ኋላ የተገናኙ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ ለባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ይህ መሣሪያ መንታ ነው። ቀኝና ግራ የጎን ብረት፣ ቀኝና ግራ መዶሻ፣ ፊትና ኋላ ምላጭ አለው። መንትዮቹን የሠራቸው አንድ እጅ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል። የቀኙ መዶሻ ቅርጽ፣ የቅርጻ ቅርጹ መስመር ጥልቀትና የብረቱ ቀለም ከግራው ጋር ካልተስማማ ከሁለቱ አንዱ ምትክ ነው። ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ይህን ማስረጃ ከውስጡ ሊሰጥ አይችልም።

የቀረው የእንጨቱና የብሎኖቹ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ሠሪዎች ለሰደፍ በአብዛኛው የዎልነት እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ሰደፉ ዋንዛ ወይም ወይራ ከሆነ የአገር ምትክ መሆኑ አያጠራጥርም። ነባር እንጨት ከብረቱ ጋር ክፍተት ሳይተው ይገጥማል፤ ምትክ ግን ብዙ ጊዜ ክፍተት ያሳያል ወይም በሙጫ ይሞላል። የተሰነጠቀ ሰደፍ በእርጥብ ጠፍር ከታሰረ ጠፍሩ ሲደርቅ ጨምድዶ ስለሚይዘው ነባሩ እንጨት በጥገና ቆየ ይባላል እንጂ ተተካ አይባልም። የብሎኖቹ ራስ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ ጥሩ ሠሪ እንደገጠማቸው፣ ተዛብቶና ተበልቶ ከሆነ ደግሞ ብዙ እጅ እንደፈታቸው ያስረዳል።

6. ስያሜ ሲዛባ የሚደርስ ጉዳት

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ የጥንት ዕቃ ወዳጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ።

የመጀመሪያው የቁጥር ጉዳይ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ይተዳደራል፤ ሕጋዊ ይዞታም በመዝገብና በፈቃድ ነው። የአባቱን ጠመንጃ ለማስመዝገብ የመጣ ሰው መሣሪያ በርሜሉ ምትክ ነው እንበል። አንዱ መዝጋቢ «የጠመንጃው ቁጥር» ሲባል የበርሜሉን፣ በሌላ ዓመት የመጣው ሁለተኛው ደግሞ የመሐል ብረቱን ቢጽፍ አንድ ጠመንጃ በወረቀት ሁለት ይሆናል፤ ባለቤቱም የሌለውን ሁለተኛ መሣሪያ አምጣ ሊባል ነው። ይህ ሰው የሚድነው ቅጹን የጻፈው ወይም የተረጎመው ሰው «የመሐል ብረት ቁጥር» እና «የበርሜል ቁጥር» ብሎ ከለየለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የባሩድ ጉዳይ ነው። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የተሠሩ ብዙ በርሜሎች ለጥቁር ባሩድ የተፈተኑ ናቸው። ከእነርሱም ብረትና ዐረብ ብረት ተጠማዞ የተበየደባቸው፣ በገጻቸው ላይ የውኃ ሞገድ የሚመስል መልክ ያላቸው «የደማስቆ» በርሜሎች ይገኙበታል። በዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይት በእንዲህ ያለ በርሜል ቢተኮስ ሊፈነዳና የተኳሹን እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ሲመልስ ሁለቱንም «ባሩድ» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ ማስጠንቀቂያውን ሰርዞታል። «ጥቁር ባሩድ» እና «ጭስ አልባ ባሩድ» የሚሉት ተለይተው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊገቡ ይገባል።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የአደን ጠመንጃ «12 ካሊበር» ሲባል ተርጓሚዎች «ባለ 12 ሚሊ ሜትር» ብለው ሊጽፉ ይቃጣቸዋል። 12 እዚህ የርዝመት ልክ አይደለም። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ453.6 ግራም፣ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢሠሩ አንዱ ድቡልቡል በበርሜሉ ልክ ይገባል ማለት ነው። የዚህ በርሜል ስፋት ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት 16 ቁጥር ወደ 16.8፣ 20 ቁጥር ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። ስለዚህ ለሠራዊት ጠመንጃ «ካሊበር»፣ ለአደኑ ግን «12 ቁጥር» ማለት ይሻላል እንላለን።

7. የብልቶቹ ስም

አማርኛ ጠመንጃን እንደ ሕያው አካል ያያል። ጠመንጃ አፍ አለው፤ ጥይት ይጎርሳል፤ ጎርሶ እምቢ ካለ ይከሽፋል። ይህ ዘይቤ ከባዕድ ያልተቀዳ ሀብት ስለሆነ አዲስ ስም ስንሰጥ ልንከተለው ይገባል። በአንጻሩ የሌላ ቋንቋ ዘይቤ ቃል በቃል መመለስ የለበትም። ጥይቱን የሚመታው ብልት በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የውሻ፣ በጀርመንኛ የአውራ ዶሮ ስም አለው። ተርጓሚው «የጠመንጃው ውሻ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው አይከተለውም። ለዚህ ብልት «መዶሻ» የሚለው መምታትን ስለሚገልጽ ይበቃል።

ክርክር የሚያስነሣው «ቃታ» ነው። «ቃታ ሳበ» እና «ምላጭ ሳበ» ሁለቱም ይባላሉ። አንዳንዱ በ«ቃታ» ጣት የሚያርፍበትን ብልት፣ ሌላው ደግሞ ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚጎተተውን ክፍል ይላል። ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ላይ ዐውዱ ያስተካክለዋል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ላይ ግን ሁለት መዶሻና ሁለት ምላጭ ስላለ «ሁለቱም ቃታዎች ምትክ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ምን እንደተተካ አይነግረንም። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ ጣት የሚስበው «ምላጭ» ብቻ ይባል፤ «ቃታ» ለዕለት ንግግርና ለሥነ ጽሑፍ ይቆይ።

«አፈሙዝ»ም እንዲሁ ጫፉንም መላውን ቱቦ ሲያመለክት ይሰማል። መላው ቱቦ «በርሜል»፣ ጫፉ «አፈሙዝ» ቢባል ይለያሉ። እያንዳንዱ በርሜል አንድ አፈሙዝ ስላለው «ባለ ሁለት አፈሙዝ» የሚለው የቆየ አጠራር በዚህ ድልድል አይፈርስም።

ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው።

ነባር አካል፦ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ ብልት።
ምትክ አካል፦ በነባሩ ቦታ ኋላ የገባ፤ የሠሪ ምትክ፣ ተዛዋሪ ምትክ ወይም የአገር ምትክ ይሆናል።
በርሜል፦ ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ በሙሉ።
አፈሙዝ፦ የበርሜሉ የፊት ጫፍ።
መሐል ብረት፦ በርሜሉንና ሰደፉን የሚያገናኝ፣ የመተኮሻውን ሥራ ያቀፈ ክፍል።
የጎን ብረት፦ መዶሻውንና ሞላውን የሚይዝ፣ በቀኝና በግራ ያለ ገበታ።
መዶሻ፦ ጥይቱን የሚያስነሣውን ምት የሚሰጥ ብልት።
ምላጭ፦ ተኳሹ በጣቱ የሚስበው ብልት።
የፊት እንጨት፦ ከበርሜል ሥር ያለ የእጅ መያዣ።
ሰደፍ፦ በትከሻ ላይ የሚያርፈው የኋላ እንጨት።
የፍተሻ ማኅተም፦ በርሜሉ ተፈትኖ ማለፉን የሚመሰክር ምልክት።
ቀለህ፦ ባሩዱንና እርሳሱን የሚይዝ፣ ከተኩስ በኋላ ባዶ የሚቀር ቅርፊት።

8. ማጠቃለያ

በአሶሳ ምድር የተገናኙት ሁለት መንገዶች ብዙ የመሣሪያ ስም ትተውልናል፤ የብልት ስም ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ስሙን ያሰራጩት የገዛው፣ የማረከውና የፎከረው ናቸው። ብልቱን በስሙ ይጠራ የነበረው አንጥረኛ ግን የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ሙያውም በማኅበረሰቡ ዘንድ የተናቀ ስለነበር ቃሉን ጠይቆ የመዘገበለት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከላይ ያቀረብነው ዝርዝር መጨረሻ ሳይሆን መነሻ ነው። «መሐል ብረት» እና «የጎን ብረት» የመሳሰሉት እኛ በግልጽነታቸው የመረጥናቸው ናቸው። በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ከእነርሱ የተሻለ ቃል ቢገኝ ደስ ብሎን እንተዋቸዋለን።

በክልሉ የሚኖሩ የበርታኛ፣ የጉሙዝኛ፣ የሺናሽኛ፣ የማኦኛና የኮሞኛ ተናጋሪዎች፣ እንዲሁም አማርኛ የሚናገሩ የአካባቢው አንጥረኞችና አረጋውያን አዳኞች ለእያንዳንዱ ብልት የሚሉትን ቃል ከነአነባበቡና ከነምሳሌ ዐረፍተ ነገሩ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኞች እንዲያደርሱ አደራ እንላለን። ጠመንጃውን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ብልት የራሱ ነው? ስለ ቃሉም ያንኑ እንጠይቃለን።